ልጄን ከፈረንሳይኛው ክፍል ላውጣው?

የናቲ እናት፣ ቶሮንቶ — ኅዳር 5

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል፣ የፈረንሳይኛ ኢመርሽን ይማራል። በእኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚጀመረው አራተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ እስካሁን ሒሳቡም ሌላውም በፈረንሳይኛ ነው። ቤታችን አማርኛ ነው። እንግሊዝኛውን ከሰፈር ልጆችና ከቴሌቪዥን ለቃቅሞታል። ታላቅ እህቱ በዚሁ መንገድ አልፋ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ አንድ ቀን አልተቸገርኩባትም። እርሱ ግን እስከ ዛሬ ሦስት ፊደል ያለውን ቃል ገጣጥሞ ማንበብ አልቻለም። ቤ እና ዴ የሚባሉትን፣ ሆዳቸው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ የዞረውን ፊደላት፣ ሁልጊዜ ያምታታል።

ከዚህ የባሰው ጠባዩ ነው። ቤት ውስጥ ጨዋታ አዋቂ፣ ለአያቱ ውኃ የሚያቀብል ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ይነሳል፣ ይዞራል፣ የጎረቤቱን እርሳስ ይነጥቃል። ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛ ስር ገብቶ አልወጣም አለ። ማክሰኞ ዕለት ጠሩን። «በጣም ጥሩ ልጅ ነው» ብለው ጀመሩና ሦስት ቋንቋ እንደከበደው፣ ለእርሱ የሚሆን እርዳታ ያለው በእንግሊዝኛው ፕሮግራም እንደሆነ፣ ብናዛውረው እንደሚሻል ነገሩን። ባለቤቴ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት በክርኔ ነካሁትና አንድ ሳምንት ስጡን አልኩ።

ማታ ሳስተኛው «እማ፣ ትምህርት ቤት የምቀይረው ደደብ ስለሆንኩ ነው?» አለኝ። ማን እንደነገረው አላውቅም።

በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ይምከረኝ።

ጡረተኛው፣ ኤድመንተን — ኅዳር 5

ልጄ፣ አይዞሽ። ግልጹን ልንገርሽ፤ አውጪው። እናንተ ፈረንሳይኛውን የምትፈልጉት ነገ የመንግሥት ሥራ እንዲያገኝላችሁ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ገና አሥራ አምስት ዓመት አለው። አማርኛውን አጥብቂለት፣ እንግሊዝኛውን ይማር፣ ሦስተኛው ይቆየው። አህያም ከአቅሟ በላይ ሲጭኗት ትተኛለች። ልጅሽ ጠረጴዛ ስር የተኛው ለዚያ ነው።

የከዚራ ልጅ፣ ኦታዋ — ኅዳር 6

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም።

መጀመሪያ ማንነቴን ልናገር። ኢመርሽን አስተማሪ ነኝ፤ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ፈረንሳይኛ የጀመርኩት ድሬዳዋ ነው፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ የሕፃን ምላስ በስንት ቋንቋ እንደሚፈታ የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዚራ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ጓሮ ይነገር ነበር።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል። ቋንቋ መልመድ አንድ ነው፤ ማንበብ መቻል ሌላ ነው። ናቲ ፈረንሳይኛ ሲነገር ይሰማል? መምህሯ «ደብተራችሁን አውጡ» ስትል ያወጣል? ካወጣ ቋንቋው እየገባው ነው፤ የከበደው ድምፅን ከፊደል ጋር ማጋጠሙ ነው። ይህን ዛሬ ማታ በአማርኛ ልትፈትኚው ትችያለሽ። ወረቀት አያስፈልግም፤ በአፍ ብቻ። «ሰላም» በል በይው። ከዚያ «መጀመሪያ ያለውን ‹ሰ› ብንጥለው ምን ይቀራል?» ብለሽ ጠይቂው። «ላም» ካለሽ ጥሩ። ከ«ደመና» ላይ «ደ» ሲወድቅስ? «መና»። ይህ የመጀመሪያው፣ ቀላሉ ደረጃ ነው። በእናቱ ቋንቋ፣ በእናቱ ጭን ላይ ይህ ጨዋታ የሚያስጨንቀው ከሆነ ጥፋቱ የፈረንሳይኛ አይደለም። ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ሲሄድም ችግሩ ቦርሳው ውስጥ ሆኖ አብሮት ይሄዳል። እንግሊዝኛማ ፊደሉ ከድምፁ ጋር የተጣላ ቋንቋ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከፈረንሳይኛ አይቀልም።

ክርክሩ የቆየ ነው። ኢመርሽን የተጀመረው በ1965 ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ከተማ፣ በወላጆች ግፊት ነው። ሮናልድ ትራይትስ የተባለ የኦታዋ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ጋሼ እንዳሉት አንዳንድ ልጆች ቢወጡ ይሻላል ብሎ ጽፎ ነበር። በዚያው ዘመን የማክጊል ዩኒቨርሲቲዋ ማጊ ብሩክ የቋንቋ ችግር ያለባቸውን የኢመርሽን ልጆች ተመሳሳይ ችግር ኖሮባቸው በእንግሊዝኛ ከሚማሩት ጋር አወዳደረች። እንግሊዝኛቸውም ሒሳባቸውም ከእነዚያ አላነሰም፤ ፈረንሳይኛው ትርፍ ሆነላቸው። ከእርሷ በኋላም ፍሬድ ጀነሲ የተባለው ሌላው የማክጊል ሰው ይህንኑ ደጋግሞ አሳይቷል። ልብ በይ፣ ችግሩ ጠፋ አላሉም። በሁለቱም ቦታ ልጁ እርዳታ ይፈልጋል ነው ያሉት።

አሁን ክፍል ውስጥ ምን ይደረግ ለሚለው። ትልቁ የእኛ የአስተማሪዎች ጥፋት ብዙ ማውራታችን ነው። «ወንበራችሁን ይዛችሁ፣ ቀዩን ደብተር አውጥታችሁ፣ ገጽ አሥራ ሁለት ገልጣችሁ፣ ስማችሁን ጽፋችሁ ጠብቁኝ» የሚል ትእዛዝ በገዛ ቋንቋውም ቢሆን ትኩረት ለሚያንሰው ልጅ ከባድ ነው። በባዕድ ቋንቋ ሲሆንማ ከሁለተኛው ቃል በኋላ ጫጫታ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ፣ አንድ የእጅ ምልክት፣ አንድ ሥዕል። በእኔ ክፍል የቀኑ ውሎ በሥዕል ግድግዳ ላይ ተደርድሯል፤ ያለቀውን ሥዕል የሚገለብጠው ደግሞ መቀመጥ የሚያቅተው ልጅ ነው። ሕጋዊ መነሻ ሰጠሁት ማለት ነው።

ንባቡንም በግምት አላስተምርም። በፈረንሳይኛ «ኦ» የሚለው አንድ ድምፅ በአንድ ፊደልም፣ በሁለትም፣ በሦስትም ፊደል ይጻፋል። አንዳንዱ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ብዛት ራሱ ይደርስበታል። ናቲን የመሰለው አይደርስበትም፤ አንዱን አጻጻፍ ሳምንት ሙሉ፣ በአሸዋ ላይ በጣት እየጻፈ፣ ከዚያ ሁለተኛውን መማር አለበት። አሰልቺ ነው። ይሠራል።

እናንተም ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ አላውቅም ብላችሁ እጃችሁን አታጣጥፉ። «ቢሮ» ከየት መጣ? «አሳንሰር»ስ? «ለገሃር» ራሱ «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። አንዱን የሐበሻ ተማሪዬን ይህን ስነግረው ቤት ሄዶ አያቱን «አንቺም ፈረንሳይኛ ትችያለሽ» ብሏቸው ሲስቁ አመሹ።

የትርፍ ሰዓት እናት፣ ካልጋሪ — ኅዳር 6

እኔ የክፍል ረዳት ነኝ፤ አስተማሪ አይደለሁም። ፈረንሳይኛም አልችልም፤ ሆኖም ኢመርሽን ትምህርት ቤት ነው የመደቡኝ። ይህ የተለመደ ነው። ፈረንሳይኛ የሚችል አስተማሪ እንኳን በአገሪቱ እጥረት እያለ ረዳት ከየት ይመጣል። የመጀመሪያውን ወር ልጁ የሚለኝ አይገባኝም፣ አስተማሪዋ የምትለው አይገባኝም፤ ሁለታችንም በአንድ ጀልባ ነበርን። እንዲያውም ለዚያ ይመስለኛል የተግባባነው።

ስለ ጠባዩ አንድ ነገር ልበል። «ያስቸግራል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። እኔ በደብተሬ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምጽፈው፤ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ። አንድ ልጅ ነበረን፤ በየቀኑ ወንበር ይገፋል፣ ወደ ኮሪደር ይወጣል። ሁለት ሳምንት ስጽፍ ስምንቱ ጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ጮክ ብሎ የማንበብ ተራ ሊደርሰው ሁለት ልጅ ሲቀረው ሆኖ ተገኘ። ኮሪደር ሲወጣ ደግሞ ተራው ያልፈዋል። ልጁ ጨዋታው ገብቶታል፤ ያልገባን እኛ ነን። መምህሯ በተራ ማስነበቡን ትታ ከጓደኛው ጋር ሁለት ሆነው በአንድ ድምፅ እንዲያነቡ አደረገች። ወንበሩ ከዚያ በኋላ አልተገፋም ብል ውሸት ነው፤ ግን በሳምንት አንዴ ሆነ።

ሌላው ድካም ነው። በማያውቁት ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ ይጥላል። እኛ ራሳችን እዚህ አገር የመጣን ሰሞን ከሥራ ስንመለስ ራሳችንን እንዴት ያመን እንደነበር አስታውሱ። ናቲ ጠረጴዛ ስር የገባው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ጠይቂያቸው።

ቡና በጨው፣ ሚሲሳጋ — ኅዳር 7

እኔ ልጄን ያወጣኋት ነኝ። ማንም እንዲወቅሰኝ አልፈልግም።

ሦስተኛ ክፍል ላይ ነበረች። መምህርት የጻፈችው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን እንዲህ የምታስተምር መምህርት ለሁሉ አይደርስም። የእኛ ትምህርት ቤት የንባብ ረዳት አስተማሪ የነበረው በእንግሊዝኛው በኩል ብቻ ነው። ለሁለት ዓመት «እናያለን» ተባልኩ። አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ሁለት ዓመት አለው? አዛወርኳት፣ በሳምንት አራት ቀን ከአራት ልጆች ጋር ለብቻ ይዘው አስነበቧት፣ በዓመቱ መጨረሻ አጫጭር መጻሕፍት ጀመረች። እንግሊዝኛ ስለቀለላት አይደለም፤ የሚያስተምራት ሰው ስለተገኘ ነው።

የሚቆጨኝ አነጋገሬ ነው። በመኪና ስንሄድ «ይህ ስለከበደሽ ነው» አልኳት። ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣ «ይከብደኛል» ብላ ትጀምራለች። የናቲ እናት፣ ብታወጪውም ብትተዪውም ያቺን የማታ ጥያቄውን ሳትመልሽ አትለፊ።

የኪሩ አባት፣ ሞንትሪያል — ኅዳር 7

ይህን ሁሉ ሳነብ ገረመኝ። እኛ ኩቤክ ውስጥ «ላውጣው ወይስ ልተወው» የሚባል ጥያቄ የለብንም። ከ1977 ጀምሮ በወጣው ሕግ 101 የስደተኛ ልጅ በመንግሥት ገንዘብ የሚማረው በፈረንሳይኛ ነው። ኢመርሽን አይባልም፤ በቃ ትምህርት ቤት ነው። ልጄ ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ፊደልን ከድምፅ ጋር ማጋጠም የሚያከብድ የንባብ ችግር፣ አለበት ሲባል «ፈረንሳይኛ ከብዶት ነው፣ ሌላ ቦታ ውሰዱት» ሊሉኝ አልቻሉም፤ ሌላ ቦታ የለማ! ስለዚህ ኦርቶፔዳጎግ የሚሏትን፣ በመማር ችግር ላይ የሠለጠነች ባለሙያ መደቡለት። ወረፋው ስምንት ወር ወስዷል፣ አላሞካሽም። ግን በአማርኛ አድጎ በፈረንሳይኛ ማንበብ የቻለ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ቤቴ ተቀምጧል። አሁን እንኳን አጠገቤ ሆኖ ስለ እግር ኳስ እያነበበ ይጨቀጭቀኛል።

ወረቀት ሰብሳቢ፣ ብራምፕተን — ኅዳር 8

የእኔ ሙያ ሌላ ነው፤ ግን በሁለት ልጆች ምክንያት የኦንታሪዮን ደንብ ሳልወድ በግዴ ተምሬዋለሁ። የምትፈልጊውን ብቻ ልንገርሽ።

በቃል አትጠይቂ። በጽሑፍ ለርእሰ መምህሩ «ልጄ በመለያና ምደባ ኮሚቴ ይታይልኝ» ብለሽ ስጪ፤ አይፒአርሲ የሚሉት እርሱ ነው። ደንብ 181/98 ይባላል። ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ርእሰ መምህሩ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በ15 ቀን ውስጥ ደግሞ ኮሚቴው በግምት መቼ እንደሚሰበሰብ በጽሑፍ ያሳውቅሻል። ስብሰባው ላይ መገኘት፣ የሚናገርልሽ ሰው ይዘሽ መግባት፣ ካልተስማማሽ አለመፈረም መብትሽ ነው። አስተርጓሚም ጠይቂ፤ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ቢሆንም ጠይቂ፣ ባለቤትሽ እሺ ለማለት እንዳይቸኩል። የግል የትምህርት ዕቅዱ፣ አይኢፒ የሚሉት፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብም ሊዘጋጅ ይችላል፤ ስለዚህ «መጀመሪያ ምርመራ ይምጣ» ሲሉሽ አትቀመጪ። የግል ምርመራ እኛ 2,800 ዶላር ከፍለናል። የባለቤትሽ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ከፊሉን ይሸፍን እንደሆነ ሳታዪ ከኪስሽ አታውጪ።

ዕቅዱ ሲመጣ አንድ ቃል ፈልጊ። «አኮሞዴሽን» ከሆነ ትምህርቱ ያው ነው፣ አሰጣጡ ተለወጠ፤ ተጨማሪ ጊዜ፣ በቃል መመለስ እንደማለት። «ሞዲፊኬሽን» ከሆነ የሚጠበቅበት ራሱ ተለውጧል። ሁለተኛው ሲጻፍ ዝም ብለሽ አትፈርሚ፤ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ሁለት ነገር ደግሞ አትመሽ ያዢ። የኦንታሪዮ ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች በፈረንሳይኛ ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚካተቱ መመሪያ አውጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጪው የክፍሉ አየር ይለወጣል። ሁለተኛው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሙር ውሳኔ ነው፣ 2012። ዲስሌክሲያ ያለበት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ልጅ ነው። ዳኛ ሮዛሊ አቤላ ልዩ ትምህርት ቅንጦት ሳይሆን ልጁ ወደ ትምህርቱ የሚገባበት መወጣጫ ነው ብለው ጽፈዋል። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው መወጣጫ ሳትሠራ «ሌላ ሕንፃ አለልህ» እንደማይባለው።

ጡረተኛው፣ ኤድመንተን — ኅዳር 9

አነበብኩ። መምህርት፣ ስላረምሽኝ አልተቀየምኩም።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቄስ ትምህርት ቤት ስንማር አንድ ልጅ ነበር። የኔታ ዳዊት ሲያስደግሙን እርሱ ከሰማው አይረሳም፤ በቃሉ ይወርደዋል። መጽሐፉ ሲሰጠው ግን «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» አይለይም። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ በቃሉ ያነበንባል፤ ጣቱና አፉ አይገናኙም። የኔታ ሲነቁበት አለንጋ ነው። ሰነፍ ነበር ስሙ። እኛም ሰነፉ እያልን ነው የምንጠራው። በሌላ ቋንቋ አልተጫነም እኮ፤ የገዛ ቋንቋው ነው። ከዚያ ከብት ጥበቃ ተመለሰ ተባለ። ይኸው ስድሳ ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬ ነው ስለ እርሱ ያሰብኩት።

ሆኖም ጥያቄ አለኝ። መምህርት እንዳንቺ ያለች ካላጋጠመችውስ? ቡና በጨው ያለችው እውነት አይደለም?

የከዚራ ልጅ፣ ኦታዋ — ኅዳር 9

እውነት ነው፣ ጋሼ። እርዳታው በአንድ በኩል ብቻ ተቆልፎ ወላጅ ምን ያድርግ። እኔ እናትን አልወቅስም፤ እርዳታን ከአንዱ በር ኋላ አስቀምጦ «መርጠሽ ግቢ» የሚለውን አሠራር ነው የምወቅሰው። የሚከተለውም ይታወቃል። የሚቸገሩት ሁሉ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ሲላኩ ኢመርሽኑ የጎበዞች ክፍል ይመስላል፣ በእንግሊዝኛው ክፍል ያለችው አስተማሪ ደግሞ ከሃያ አምስት ልጅ አሥሩን ለብቻ ማገዝ አለባት። ኒው ብራንስዊክ በ2008 የኢመርሽንን መግቢያ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ክፍል ሲገፋ አንዱ ክርክር ይኸው የመለያየት ነገር ነበር። በ2017 ወደ አንደኛ ክፍል መለሰው። የመግቢያውን ዓመት ማንቀሳቀስ አስተማሪ አያመጣም።

ስለዚህ የናቲ እናት፣ ስብሰባው ላይ «ይውጣ ወይስ ይቆይ» በሚለው አትጀምሪ። «በእንግሊዝኛው በኩል የምትሰጡት እርዳታ ምን ምን ነው? አንድ በአንድ ንገሩኝ» በያቸው። ሲዘረዝሩ ጻፊው። ከዚያ «ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው በፈረንሳይኛ መሰጠት የማይችለው?» ብለሽ ጠይቂ። ዝርዝሩ እውነተኛ ከሆነና በዚህኛው በኩል በእርግጥ ሰው ከሌለ፣ ያኔ ማዛወሩን አስቢበት። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ልጁን ወዴት ነው የምትልኪው?

የናቲ እናት፣ ቶሮንቶ — ታኅሣሥ 12

ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጨዋታውን ሞከርነው። «ሰላም» ላይ «ላም» አለ፤ አምስት ደቂቃ አሰበበት እንጂ አለ። «ደመና» ላይ አቃተው፣ ተናደደ፣ ትራሱን ወረወረ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በአማርኛም እንዲህ ከሆነ ስል ደነገጥኩም፣ ቀለለኝም።

ደብዳቤውን በጽሑፍ አስገባሁ። ስብሰባው ሳይደርስ ራሷ አስተማሪዋ አነጋገረችኝ፤ ወጣት ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የካልጋሪዋን እህት ጥያቄ ጠየቅኳት። ደብተሯን አየችና ጠረጴዛ ስር የገባው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቃላት ጽሕፈት ሲጀመር እንደሆነ አገኘችው። ራሷም ገረማት። አሁን በዚያ ሰዓት መዝገቡን ለቢሮ የሚያደርሰው ናቲ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ከአሥሩ ቃል አራቱን ብቻ ይጽፋል። «የእርዳታውን ዝርዝር ስጡኝ» ስል ደግሞ ስብሰባው ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ተባለ። በመጨረሻ በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት በፈረንሳይኛ የሚያስነብበው ሰው ተገኘ። ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። እስከ መጋቢት አይተን እንወስናለን ብለናል። ባለቤቴ አልፈረመም!

የማታውን ጥያቄ መለስኩለት። ደደብ እንዳልሆነ፣ ፊደል ለእርሱ በሌላ መንገድ እንደሚገባው ነገርኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ከአያቱ ጋር ድምፅ መጣል ሲጫወቱ ሰማሁት። «እማማ፣ ከ‹ደደብ› ላይ ‹ደ› ሲወድቅ ምን ይቀራል?» «ደብ።» «ድብ!» ብሎ እያገሳ በአራት እግሩ ሳሎኑን ዞረ፤ እማማም በከዘራቸው አባረሩት።

ወረቀት ሰብሳቢ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ዕቅዱ ላይ ሒሳብ አጠገብ «ሞዲፊኬሽን» ተጽፏል፣ ልጁ ግን በሒሳብ ደህና ነው። ይህን ለማስቀየር እንደገና ደብዳቤ ልጻፍ ወይስ ስልክ ይበቃል?

ወረቀት ሰብሳቢ፣ ብራምፕተን — ታኅሣሥ 12

ደብዳቤ። ቀን ጻፊበት፣ ቅጂውን ለራስሽ አስቀሪ።